ማኅተሙ ያልተፈታው በርሜል

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የኬሚካል ማከፋፈያው ግቢ በነጭ ጭስ ታፈነ። ፖሊስ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከዘበኛው ክፍል አጠገብ ያለውን የቆርቆሮ መጠለያ በእርጥብ አሸዋ ቀብረውት፣ የመጋዘን ኃላፊዋን በቃሬዛ እያወጧት ነበር። ሁለት እጆቿ እስከ ክርኗ ተቃጥለዋል። በኦክስጅን ጭንብሉ ውስጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል ግን ማንም አልሰማም።

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ለሚሉት መርማሪ ነው። ሌላው ሩጫ ሲጀምር እሱ ገና የጫማውን ክር ያስራል። በዚህ ጉዳይ ብቻ ቸኮለ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለውን በሰማ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮው ይግላል።

ግቢውን በእግሩ ዞረ። ከመጠለያው ራቅ ብሎ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ግንብ ሥር፣ ሣሩ ላይ ክብ ምልክት አየ። የአበባ መትከያ የተነሣበት ይመስላል። ሣሩ ጠውልጓል፤ ጎንበስ ሲል ነጭ ሽንኩርት ሸተተው። ዘበኛው ምሳውን እዚህ ነው የሚበላው ብሎ አለፈ። ቀና ብሎ ግንቡን ለካው፤ ከቁመቱ ይበልጣል፣ የመወጣጫ ምልክትም የለበትም። ከዚህ ዘሎ የገባ ሰው የለም ማለት ነው። ከግንቡ ማዶ ያለው የሰርግ አዳራሽ እንግዶች በጭሱ ተበትነው፣ አስፋልቱ ላይ የአበባ ቅጠል ብቻ ቀርቷል።

የድርጅቱ ኬሚስት፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ኮስታራ ሴት፣ መጠለያው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።

«የተቃጠለው ምንድን ነው?»

«ፎስፈረስ፤ ነጩ ዓይነት። ዋናው መጋዘን ስለሞላ ለጊዜው እዚህ ያቆምነው አንድ ትንሽ በርሜል ነው።» እጆቿን አጣጠፈች። «እኛ አየር ካጣን እንሞታለን፤ እሱ ደግሞ አየር ካገኘ ይነዳል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ይተኛል። ውሃው ላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ የሽቦ ማኅተም። ዋናው መጋዘን ውስጥ እንደ ሶዲየም ያሉት ደግሞ ውሃ ጠላታቸው ነው፤ እነሱን በዘይት እናስተኛቸዋለን። ሁሉም የየራሱ ብርድ ልብስ አለው።»

«የዚህን ብርድ ልብስ ማን ገፈፈው ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። ማኅተሙ እንዳለ ነው። ካልተፈታ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ አይነድም።»

«ከውጭ እሳት ቢያስጠጉትስ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «እንደሱማ ከሆነ ምን የማይነድ አለ?»

ይቺ መልስ መርማሪውን ወደ ክብሪት መራችው። «አቃጥላችኋለሁ ብሎ የዛተ ሰው ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በቅርቡ የተባረረ ጫኝና አውራጅ «ይህን ግቢ አመድ ነው የማደርገው!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም እንደሰማው ተነገረው። ረዳቱ ሳጅን ልታጣራ ሄደች፤ ስትመለስ ሳቋን መያዝ አቅቷታል።

«ኢንስፔክተር፣ ሰውየው የት ነው ያለው ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

«የት?»

«እኛው ጣቢያ። ሰክሮ ተደባድቦ ዓርብ ነው የገባው። ቁርሱንም ያበላነው እኛ ነን።»

የቀረው ዘበኛው ነው። ፍንጭት ጥርስ ያለው ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ «ደንቡ ነው» ሳይል ስለማያድር ግቢው በሙሉ «አባ ደንቡ» ይለዋል። ሥራ አስኪያጁን እንኳ ኪሱን ሳይፈትሽ አያስገባም፤ የበር ሣጥኑ በተቀማ ክብሪትና ላይተር ሞልቷል። መርማሪው ልብ ብሎ አየው። ጫማው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከደንብ ልብሱ ሥር ከረባት አስሯል።

«አባባ፣ እሳቱ ሲነሣ የት ነበሩ?»

«በር ላይ።»

«ከበር አልተነሡም?»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው! ዘበኛ ከበር ይነሣል እንዴ? ደንቡ ነው እኮ።»

«ታዲያ ለእሳት አደጋ የደወለው ልብስ ሰፊው ለምን ሆነ?»

ሽማግሌው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ልብስ ሰፊው፣ የግቢው ጎረቤት፣ ቀድሞ ቃሉን ሰጥቷል፤ «በሩ ገርበብ ብሏል፣ ዘበኛ የሚባል የለም። ደጋግሜ ተጣራሁ። ጭሱን ሳይ ደወልኩ» ነበር ያለው።

የዋሸ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ እንዳልሆነ አይቸኩሌ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን አለቃው በስልክ ይነዘንዘዋል፣ ሴትዮዋ ሆስፒታል ታቃስታለች፣ ሽማግሌው ደግሞ ዓይኑ እያየ ዋሽቶታል። ሰኞ ጠዋት፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚገባበት ሰዓት፣ በሩ ላይ በካቴና አሰረው። ሲያዙት የዘበኛው ቆብ ወደቀ። «ይኸው ደንቡ!» ብሎ አንዱ ከኋላ አሽሟጠጠ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ቆቡን የሚያነሣለት ሰው ጠፋ። መርማሪውም ተራምዶት አለፈ።

ጣቢያ ኪሱን ሲያራግፉት ማበጠሪያና የተጠቀለለ መሐረብ ተገኘ። መሐረቡ ውስጥ የጠወለገ የአበባ ቅጠል አለ።

«እሱን ብቻ አትጣሉብኝ» አለ ሽማግሌው።

«ከየት ያመጡት ነው?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«አባባ፣ የነበሩበትን ይንገሩኝና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ምን ያስቸግራል?»

ሽማግሌው ካቴናውን ሲያገላብጥ ቆየና «እኔ ነኝ የለኮስኩት ብለው ይጻፉና እንገላገል» አለ።

«በምን ለኮሱት?»

«በ... በክብሪት።»

«የትኛው እጅዎ ላይ ነበር ክብሪቱ?»

ሽማግሌው ሁለቱንም እጆቹን አየ። አይቸኩሌ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። የሚደብቀውን ከመናገር ይልቅ ወህኒ የሚያስገባውን ቃል የመረጠ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የጠዋቱ ጥድፊያ ያን ጊዜ ነው ከራሱ ላይ የወረደለት።

ሆስፒታል ሄደ። የመጋዘን ኃላፊዋ፣ ወገቧ ላይ በምታንጠለጥለው ቁልፍ ብዛት «እትዬ ቁልፍ» የሚሏት፣ እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተዘርግተዋል።

«ሰው ሁሉ ከእሳት ሲሸሽ እርስዎ ለምን ገቡ?»

«አባ ደንቡን ፍለጋ ነዋ! ክፍሉ ከመጠለያው ጋር ግድግዳ ነው የሚጋራው። ደክሞት ተኝቶ ይሆናል ብዬ በሩን በሁለት እጄና በክንዴ ገፋሁት፤ ብረት በር ነው፣ ግሎ ኖሯል። አልጋው ባዶ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!» ትንሽ አረፈችና «ግን የት ሄዶ ነው?» አለች።

«ቤተሰብ አላቸው?»

«አንዲት ሴት ልጅ። ውጭ አገር ናት። ደወለች፣ ላከች እያለ ያወራልናል። ቅዳሜ ጠዋት ከረባት አስሮ አየሁትና ‹ምነው፣ ሙሽራ መሰልክ› ብዬ ቀለድኩበት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን ክፉ ተናገርኩ ብዬ ሳስብ ውዬ አደርኩ።»

መርማሪው ደረጃውን ሲወርድ አስፋልቱ ላይ የቀረው የአበባ ቅጠል ትዝ አለው።

ከሳጅኗ ጋር የሄደበት የሙሽሮቹ ቤት አዲስ ነው፤ ሶፋው ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። ባልየው «ግቡ፣ ግቡ! ቪዲዮ ነው የፈለጋችሁት? ምን ገዶን!» ብሎ በሙሉ ፊት ተቀበላቸው። ሙሽራዋ ፈገግ ስትል ጥርሷ ፍንጭት ነው። መርማሪው የዘበኛውን ፎቶ አወጣ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አለች። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው።

ባልየው አንገቱን አስግጎ አየ። «ዘበኛ ይመስላል። የእሷ ዘመድ እንኳ አይሆንም፤ አባቷ ገና በሕፃንነቷ ነው የሞቱባት። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ የሕሊና ጸሎት አድርገንላቸዋል።»

ሙሽራዋ ቀና አላለችም፤ የሶፋውን ላስቲክ በጥፍሯ ትልጣለች። መርማሪው በሥራው የሰው ገመና ማየት ለምዷል፤ ያን ቀን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር። የሚጠይቀው ብዙ ነበረው፤ አንዱንም አልጠየቀም። የቪዲዮውን ቅጂ ይዞ፣ አመስግኖ ወጣ።

ሳጅኗ ቪዲዮውን ከመጨረሻው ጀመረች። ሙሽሮቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ሰው አበባ ይበትናል። ከመንገዱ ዳር፣ ከሹፌሮቹ መሐል፣ አባ ደንቡ ከረባቱን አስሮ ያጨበጭባል። መኪናዋ ስትነሣ ጎንበስ ብሎ ከአስፋልቱ አንዳች ነገር ይለቅማል። ከጀርባው፣ ከግንቡ በላይ፣ ነጩ ጭስ ገና መውጣት ይጀምራል። እሱ አያየውም፤ የሚያየው መኪናዋን ነው።

«እሳቱ ሲነሣ ውጭ ነበሩ ማለት ነው» አለች ሳጅኗ በዝግታ። «የራሳቸውን ልጅ ሰርግ ከመንገድ ዳር...»

«ተይው» አለ መርማሪው።

ሽማግሌውን ራሱ ከእስር አስወጥቶ እስከ ግቢው በር ሸኘው። ባሰረበት ሰዓት፣ ባሰረበት ቦታ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ «አባባ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ቆቡን አንድ ሰው አቧራውን ሳያራግፍ የበሩ ብረት ላይ ሰቅሎታል። መርማሪው አራገፈና በሁለት እጁ ሰጠው።

«ልጄ» አለ ሽማግሌው ወደ ጎን ስቦት፣ «ስለ እሷ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ያሳደግኳት በር ላይ ቆሜ ነው፤ ሰው ፊት እኔን ስታይ ያ በር ነው የሚታያት። እኔም ልጄ ውጭ አገር ናት እላለሁ። ምን ይደረጋል?»

«ሆድ ይፍጀው» አለ መርማሪው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሁሉም ደግ ነበር። በማግስቱ ግን ኬሚስቷ የታጠበውን በርሜል በመኪና አስጭና ጣቢያ መጣች። ያ ኮስታራ ፊቷ ተለውጧል።

«አሳስቼዎታለሁ» አለች ሳትቀመጥ። «ካልተከፈተ አይነድም ብዬዎት አልነበር? ውሸት ሆነ። ይህን የክዳን ብሎን ይመልከቱ። ሥሩ ያለው የጎማ ቀለበት በጎን ተሰንጥቋል። በርሜሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ከሥር ስለሆነ ስንጥቁን አይነካውም። ይህ ቀስት ‹በዚህ በኩል ወደ ላይ› የሚለው ለዚህ ነው። ሲገለበጥ ግን የውሃው ክብደት በሙሉ ስንጥቁ ላይ ያርፋል፤ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያልቃል። ማኅተሙ ሳይነካ።»

«ተገልብጦ ነበር ነው የሚሉኝ?»

«ብዙ ሰዓት። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው፣ ቀጥ አድርገው አቁመውታል። ውሃው ጎድሎ በቦታው አየር ገባ፤ ላይ ላዩ ደረቀ፣ ቀኑ ሞቀ፣ በቃ ተነሣ። ያን ጊዜ የገለበጠው ሰው የትም ሊሆን ይችላል። የነጠበበት ቦታ ቢገኝ ይታወቅ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው።»

መርማሪው የያዘውን ብዕር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሳጅን፣ ያን ቪዲዮ ከመጀመሪያው ክፈቺው።»

ሙሽራዋ ጠዋት ከመኪና ትወርዳለች። ቀሚሷን ሰብስበው ይይዙላታል። ካሜራው ወደ አጃቢዎቹ ዞር ሲል ግንቡን ጠርጎ ያልፋል። እዚያ ላይ፣ ከግንቡ ጫፍ በላይ፣ የአባ ደንቡ ራስ፣ ትከሻ፣ ከረባቱም ሳይቀር ይታያል።

«እንዴ!» አለች ሳጅኗ። «ይሄ ግንብ እኮ ከእርስዎም ይረዝማል። ምን ላይ ቆመው ነው?»

ክቡ ምልክት። የጠወለገው ሣር። የዘበኛ ምሳ ነው ብሎ ያለፈው ሽታ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዲሉ፣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ እግሩ ሥር ነበር። ሽማግሌውን ያለ በቂ ማስረጃ አስሮት ነበር፤ ንጹሕ ነው ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሲፈታው ደግሞ እጁ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍር መለየት አቃተው።

አባ ደንቡን ያገኘው ሆስፒታል ነው። እትዬ ቁልፍ አጠገብ ተቀምጦ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣታል፤ እሷ ትስቃለች። መርማሪው ሳህኑ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጠራው።

«አባባ፣ ቅዳሜ ጠዋት በግንቡ በኩል ያዩዋት ምን ላይ ቆመው ነው?»

ሽማግሌው አላንገራገረም። «በርሜሏ ላይ። ሌላ የሚሆን ነገር ፈልጌ አጣሁ። እሷ ገብታ እስክትወጣ ልጠብቅ ብዬ እዚያው ቆየሁ፤ ሙዚቃው ይሰማኝ ነበር። መውጫዋ ሲቃረብ አላስቻለኝም። በርሜሏን እያንከባለልኩ ወደ ቦታዋ መለስኩና ወደ መንገድ ወጣሁ። ምነው?»

«ለምን ገለበጧት?»

«ላይዋ ላይ ማኅተሙ አለ። እንዳልረግጠው ብዬ ነዋ! ማኅተም አይነካም፤ ደንቡ ነው። ታችዋ ለጥ ያለ ነው፤ በዚያ በኩል አቆምኳት። አልከፈትኳት፣ እሳት አላስጠጋኋት...»

መርማሪው ነገረው። ውሃውን፣ የጎማውን ቀለበት፣ የሣሩን ሽታ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ሽማግሌው ሲሰማ ቆይቶ ቀስ ብሎ በግድግዳው ተደገፈ።

«እኔ ነኛ።»

«ሳያውቁ ነው።»

«የገባችውስ? ወደ እሳቱ የገባችው ምን ፍለጋ ነው?»

መርማሪው የእትዬ ቁልፍን ክፍል በር አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሽማግሌው መለሰ። ሽማግሌው ከዓይኑ ተረዳው። እሷ እጇን አቃጥላ የገባችበት ክፍል ባዶ የነበረው፣ እሱ መንገድ ዳር የአበባ ቅጠል ሲለቅም ነው።

«ለእሷ እኔ ልንገራት» አለ ሽማግሌው። «ከሌላ ሰው አትስማ።»

መርማሪው በበሩ መስተዋት አያቸው። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ፣ ሳይቀመጥ አወራት። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም እትዬ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ አንገቱን ደፍቶ እዚያው ቀረ። ነርሷ መጥታ እጁን ይዛ አስወጣችው።

ጣቢያ ሲቀመጡ መርማሪው ቃሉን በዝግታ ጻፈ። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በርሜሉ ላይ ለምን ወጡ? ይህ መጻፍ አለበት፤ ዳኛው ይጠይቃል።»

«ሌባ ለማየት ብለው ይጻፉ።»

«ሌባ አልነበረም አባባ። ምክንያቱ ቢታወቅ ቅጣቱ ሊቀልልዎ ይችላል።»

«ቅጣቱ ይክበደኝ!» አለ ሽማግሌው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መርማሪው የሰማው የመጀመሪያው ነው። «ሞቷል ብላ ባሏን፣ አማቶቿን አሳምና ጎጆ ወጥታለች። በአንድ መስመር ጽሑፍ ያፈርሱባታል? ሌባ ለማየት ነው፤ በቃ።»

መርማሪው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ቃል የሰጠው እሱ ነው፤ እውነቱን እንዲጽፍ የሚከፈለውም እሱ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ዓረፍተ ነገር ቢፈልግ አጣ።

በዚህ መሐል ከበሩ ውጭ የተረኛው ፖሊስ ድምፅ ተሰማ። «እስረኛ ለመጠየቅ ከሆነ መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። ምናቸው ነዎት?»

«ልጃቸው ነኝ።»

ሙሽራዋ ነበረች። ያለቅጥ ስላለቀሰች ዓይኗ አብጧል። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል፤ ያ ሙሉ ፊቱ ጠፍቶ የሚያየው ወለሉን ነው። «ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አየሁት» አለች መርማሪውን፤ «ግንቡ ላይ አየሁት። ለባሌ ነግሬዋለሁ። እናቱም ሰምታለች። ግቢው ሄጄ ብጠይቅ እዚህ ነው አሉኝ።»

አባ ደንቡ ከወንበሩ ሊነሣ ብሎ ተወው። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ተሳስታ ነው» አለ ለመርማሪው። «አላውቃትም። የእኔ ልጅ ውጭ አገር ናት።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። አንዴ በዚሁ ቃል የካደችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ለእሷ ሲል እሱ ይክዳታል። ከዚያ ቀስ ብላ ገባችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«መጣሁ እኮ አባዬ» አለች። «ከውጭ አገር መጣሁ።»

ሽማግሌው እጁን ራሷ ላይ አሳረፈና ወደ መርማሪው ዞረ።

«ይጻፉት» አለ። «ልጄን ለማየት ነው የወጣሁበት።»